አራት ነጥብ ለፈተና ስትቀመጥ

ፍርድ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ዳኛውም ጠበቃውም፣ ጥበቃውም ጽዳቷም «አራት ነጥብ» ነበር የሚሏት። አሥራ ሰባት ዓመት በችሎት ጸሐፊነት ስትሠራ አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይዘጋ ከእጇ ወጥቶ አያውቅማ። የጠበቆችን ንግግር ስትተይብ ግሡን ከባለቤቱ ታስታርቃለች፤ እነሱ ደግሞ ግልባጩን ሲያነቡ እንዲያ አሳምረው የተናገሩ ይመስላቸዋል። «ካባ የለበሰ ሁሉ ሕግ ያውቃል ያለው ማነው?» ትላለች ለራሷ፣ ከንፈሯን ጣል አድርጋ።

አንድ ቀን ጺሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ ጠበቃ የቀጠሮ ቀን አሳስቶ ተናገረና ዳኛው ሲያፋጥጡት «የጸሐፊዋ ስህተት ነው» አለ። ዳኛውም ቀና ብለው «እባክሽ ተጠንቀቂ» አሏት። በዚያው ዕለት በምሳ ሰዓት ወጥታ፣ ከጎማ ጥገናው በላይ ፎቅ ላይ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ከሚያስጠናው ሰው ዘንድ ሄዳ ተመዘገበች። አርባ አንድ ዓመቷ ነበር።

አስጠኚው አፉን በከፈተ ቁጥር «መቶ ፐርሰንት» ስለሚል ስሙም ያው ሆኖ ቀርቷል። ራሱ ሦስት ጊዜ ተፈትኖ መውደቁን የማያውቅ የለም። ጊዜው ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተመቸ ነበር፤ ፈተናው ሊቀየር ነው። ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ የድልድል ጥያቄ የሚሉት ክፍል ይቀራል፣ በምትኩ ምንባብ ይጨመራል፣ ወረቀትና እርሳስም ቀርቶ በኮምፒውተር ይሆናል ተብሏል።

«ከለውጡ በፊት ተፈተኑ! በኋላ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፣ መቶ ፐርሰንት!» እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። ተማሪው እንደተነካ የንብ ቀፎ ይተራመሳል። ገሚሱ ቶሎ ልፈተን፣ ገሚሱ ለውጡን ልጠብቅ ይላል። አራት ነጥብ ሁለቱንም ወገን እኩል ናቀች።

የድልድል ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው፤ ሰባት ሰዎች በሰባት ወንበር ይቀመጣሉ፤ ነርሷ ከሾፌሩ አጠገብ አትሆንም፣ አናጺው ከመምህሩ በስተቀኝ ነው፣ ሌላም ሌላም። ታዲያ አራተኛው ወንበር ላይ ያለው ማነው?

«ሕግ የወንበር ድልድል ከሆነ የሲኒማ ቤት አስተናጋጅ ዳኛ ይሁና!» አለች ጮክ ብላ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሞባይል ሻጭ ማስቲካዋን እያላመጠች ሳቀች። «እትዬ፣ መምህሩ ነው አራተኛው።» ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። አራት ነጥብ ወረቀቷን ብታየው ሾፌሩን ሁለት ወንበር ላይ አስቀምጣዋለች።

መቶ ፐርሰንት ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎ እንኳ ለውጡን ቢጠብቁ ይሻላል። ይኼ ክፍል ይቀርልዎታል።»

«ስላልቻለች ቀየሩላት ይባልብኝ?» አለችና ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሚሰጠው ለአሮጌው ፈተና ተመዘገበች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ችሎቱ ባዶ ሲሆን፣ ሰባት የመዝገብ አቃፊ አግዳሚው ላይ ትደረድር ጀመር። ነርሷን ታነሳለች፣ ሾፌሩን ትገፋለች።

«ለማን ነው ቦታ የምትይዢው?» አለቻት ጽዳቷ አንድ ቀን፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ።

«ለሰባት የማይረቡ ሰዎች።»

በሦስተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ገባት። በፈተናው ቀን የድልድሉን ክፍል ከሁሉም ቀድማ ጨርሳ፣ እርሳሷን አስቀምጣ፣ የሚያልባቸውን ልጆች ዙሪያውን ቃኘች። ቀጥሎ ምንባቡ መጣ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አምስት መስመር ሄዶ ግሥ አልነበረውም። አላስችል አላት። አረመችው። ሁለተኛውንም አረመችው፤ አንዱን አንቀጽ እንደገና ጻፈችው። «ሰዓት አልቋል!» ሲባል አሥራ አንድ ጥያቄ አልተነካም።

ውጤቱ ሲመጣ ድልድሉን አንድ አልሳተችም፤ በጠቅላላው ግን በአራት ነጥብ ወደቀች። መሥሪያ ቤቱ ለስድስት ወር ሳቀ። ማስቲካ የምታላምጠዋ አለፈች።

ጠበቃ የሆነው የእህቷ ባል ደወለ። «እትዬ፣ ምን አነሰሽ? ጽሕፈቱ ይበቃሽ የለም?»

«ያንተን ማመልከቻ ሳርም ጊዜ አነሰኝ» አለችና ዘጋችበት። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ግን የውጤት ወረቀቷን አውጥታ እንደገና አነበበችው። ሰው ስትንቅ ኖራ ራሷን ስትንቅ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ለካ ንቀት ከውስጥ ሲሆን ያማል።

የቀረላት አዲሱ ፈተና ነው። ለፍታ የተማረችው ድልድል ተጥሏል፣ የጣላት ምንባብ እጥፍ ሆኗል። መቶ ፐርሰንት ደግሞ ያን ሁሉ እንዳላስፈራራ «አዲሱን ፈተና ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም» የሚል ማስታወቂያ ሰቀለ። ደጃፉንም አልረገጠችም።

ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ ያው የሰዋስው ስህተት የምንባቡ ሁለተኛ መስመር ላይ ጠበቃት። እጇ ተነሳ፤ እርሳስ የለም። ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ ፊደሉ ንቅንቅ አላለም። ሌላ መላ ስታጣ እየቀፈፋት አለፈችው፤ ቀጣዩንም አለፈችው። ስድስት ደቂቃ ሲቀራት ጨረሰች።

ለሕግ ትምህርት ቤቱ የማታ ክፍል አለፈች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር እስከ ታች አየችና «ይኼን ሁሉ ሰው ካሳለፉማ ምኑን ፈተና ሆነ» አለች። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ቀደም ብላ እንድትወጣ ማመልከቻ ይዛ ዳኛው ቢሮ ገባች።

«አንቺ? ሕግ?» አሏት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው።

«አዎ፣ እኔ።»

ፈረሙላት። ደረጃውን ስትወርድ ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ ፊርማውን አየችው፤ ዓይን የሚሞላ አልነበረም። ቢሆንም ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አኖረችው።