ከጽዱ ሥር እስከ ቅኔ ማኅሌት

ዓርብ ጠዋት፣ አዲስ አበባ

የበረዶ ሳጥኔን ታቅፌ አውቶቡስ ስሳፈር ረዳቱ «ዕቃ ከላይ ነው» አለኝ። «ይኼ ከእቅፌ አይወርድም» ብዬ ተቀመጥኩ። በሳጥኑ ያለው የአጎቴ የመሪጌታ ፀጋዬ መርፌ ነው። ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ሕመም መቀመጫቸው አጠገብ ፊስቱላ የሚሉትን ቀዳዳ አበጅቶ መግል ያፈሳል። የሚፈስ ቁስል ያለበት ቤተ ክርስቲያን አይገባምና፣ መንዝ፣ ዘመሮ ላይ ደቀ መዝሙሮቻቸው ሲያሸበሽቡ እሳቸው ሁለት ዓመት ከግቢው ጽድ ሥር ቆመው ሰሙ። ባዮሎጂክ የተባለውን ይህን መርፌ ሲጀምሩ ሐኪሙን የጠየቁት «እድናለሁ?» ብለው አልነበረም፤ «እገባለሁ?» ብለው ነው።

ቀትር፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ

ዳቦ በሻይ ቀምሼ መኪና ቀየርኩ። ገብሱ አረንጓዴ፣ መንገዱ ጉም ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሳጥኑን አዩና «እንቁላል ነው እንዴ?» አሉኝ።

«የታማሚ መድኃኒት ነው፣ እናቴ።»

«እግዜር ይማርልሽ» ብለው እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉለት።

አመሻሽ፣ ዘመሮ

ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ሳጥኑ ባዶ ነው! የአጎቴ ባለቤት እትዬ አስካለ መርፌዎቹን ደጅ ካቡ ላይ ደርድረዋቸዋል።

«ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ብለሽ የለ? ከመንዝ ውርጭ ወዲያ ምን ቅዝቃዜ አለ?»

ክው አልኩ። ደግነቱ ውርጩ ገና አልወረደም። ጥፋቱም የእኔ ነው፤ ይቀዝቅዝ እንጂ በረዶ ከሠራ ይበላሻል ብዬ አልነገርኳቸውም። አጎቴ ሳቁ።

«ውርጭ የምንፈራ እኛ ብቻ መስሎኝ! ለካ መድኃኒቱም ነፍሱን ይወዳል።»

እትዬ አስካለ መርፌዎቹን ወደ ሳጥኑ እየመለሱ በጆሮዬ «ልጄ፣ መግል የነካው የሳቸውን ጨርቅ ካጠብኩ ወር አለፈኝ» አሉኝ። አለቀስኩ።

እሑድ ማለዳ

ቅዳሜ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ወጋቻቸው። ቁስሉ ደርቋልና የንስሐ አባታቸውም እንዲገቡ ፈቀዱላቸው። ቤተ ክርስቲያን ዘግይቼ ስደርስ እንደ ልማዴ ጽዱ ሥር ፈለግኳቸው፤ የሉም። ድምፃቸው ከውስጥ መጣ፤ ትንሽ ሻክሯል፣ ግን የእሳቸው ነው። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

ሰኞ ማታ፣ ቤቴ

ሳጥኑ በገብስ ቆሎ ተሞልቶ ተመልሷል። መድኃኒት ማድረስ ግማሽ ሥራ መሆኑን ተማርኩ፤ የቀረው ግማሽ ለተቀባዩ በደንብ ማስረዳት ነው። ለሐኪሙ ደወልኩ። ቁስሉ ደረቀ ተብሎ መርፌው እንዳይቋረጥ፣ ለምርመራም እንዲመጡ አጥብቆ አሳሰበኝ፤ ያን ግን ኋላ ነው ያነሳው። መጀመሪያ የጠየቀኝ አንድ ቃል ነበር።

«ገቡ?»

«ገቡ» አልኩት።