እናቴ ያልጨረሰችው ሙሾ

ወንድሜ አንሙት የሙዚቃ ደራሲ ነው። ዘፋኝ አይደለም፤ ይሄን ለስንቱ ሰው አስረድቼ ስንቱ እንደገባው እግዜር ይወቅ። ዜማ በኖታ ይጽፋል፣ ሌሎች በቫዮሊንና ትልቅ ቫዮሊን በሚመስለው በቼሎ ይጫወቱለታል፣ እሱ ጥግ ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ጎረቤቶቼ «ታዲያ እሱ ምኑን ሠራው?» ሲሉኝ እናደዳለሁ።

ያደግነው ይጁቤ አጠገብ ነው። አባታችን አምሳሉ ገበሬ ነበር። እናታችን ጤናዬ ደግሞ ሙሾ አውራጅ፤ ሰው ሲሞት ግጥም እየደረደረች ለቀስተኛውን የምታስነባ። ደምበጫ ድረስ በቅሎ እየተላከላት ትሄድ ነበር። አንሙት ያኔም ጆሮ ብቻ ነበር። እህል ሲወቃ ሰዎቹ በሬ እየነዱ የሚያዜሙትን ሲሰማ ፈዞ ይቆማል፤ በሬው ምርቱን ይበላዋል። አባቴ ይሄ ልጅ አዝማሪ ሊወጣው ነው እያለ ይማረር ነበር።

አባቴ የሞተው አንሙት አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ነው። የዚያን ቀን እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ለቅሶው መሀል ገባች። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እሷን ነው፤ ለባዳው እንዲያ ያለቀሰች ለባሏማ ምን ልትል ነው እያለ። ጀመረች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፅዋ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። አፏ ይከፈታል፣ ድምፅ የለም። ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጧት። ከዚያ ወዲህ ሙሾ አላወረደችም። ሲላክባት ጉሮሮዬን ያመኛል ትላለች። ውሸቷን ነበር፤ እኛም እናውቃለን፤ ማን ደፍሮ ይናገራል? ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርን።

አንሙት አዲስ አበባ ሄዶ ሙዚቃ ተማረ፤ ተመልሶም ደብረ ማርቆስ ማስተማር ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ኤልያስ ድረስ እየዞረ የአረምና የአውድማ ዜማ ይቀዳል፣ በኖታ ያስቀምጠዋል። ሚስት አግባ ብንለው ቼሎ ገዛ። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ትልቁ ድርሰቱ ደብረ ማርቆስ አዳራሽ ሊቀርብ ሆነና እናቴን ይዤ እንድመጣ ለመነኝ። መኪና ልንሳፈር ስንል ደወለና ጉዱን ነገረኝ። የድርሰቱ መዝጊያ እናቴ አባቴ የሞተ ቀን የጀመረችው ሙሾ ነው።

ደሜ ፈላ። በእኛ አገር ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወርድም፤ ሟርት ነው፣ ሞት መጥራት ነው። ያውም የእሷን! ያውም ያን ያፈረችበትን! ለቀባሪው ማርዳት ይሉሃል ይሄ ነው። ለምን ቀድመህ አልጠየቅካትም ብዬ ጮህኩበት። ብጠይቃት እምቢ ትለኝ ነበር አለ። ከተቀየመችኝ ኖታውን እቀደዋለሁ፣ ሁለተኛም አልጽፍም አለኝ። ካለ ደግሞ ያደርገዋል፤ ግትርነቱን የወረሰው ከእሷ ነው። መንገዱን ሙሉ ልንገራት እያልኩ ሳልነግራት ደረስን። ፈሪ ነኝ፣ ምን ልሁን።

ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡን። የአውድማው ዜማ ሲጫወት እናቴ በእግሯ መሬቱን እየመታች ፈገግ አለች። ከዚያ ቼሎው ብቻውን ጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቀጥ ብላ ተነሳች። አንሙት ከመድረኩ ጥግ አያት፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ክንዷን ይዤ ተቀመጪ ብላት እጄን መነጨቀችኝ። ከዚያ ሰው ሁሉ እያያት ነጠላዋን አውልቃ አዘቅዝቃ ለበሰችው። አለቀልን አልኩ በልቤ።

ቼሎው ድምፅዋ የተዘጋበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ቫዮሊኖቹ ከዚያው ከተቋረጠበት ተቀበሉና ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ቀሪውን ሙሾ እስከ መጨረሻው ወሰዱት። እናቴ ቆማ ቀስ እያለች ደረቷን ትመታለች። ከኋላችን ያሉት ሴቶችም አንድ በአንድ ተነሡ፤ ሙሾ ሲወርድ ማን ተቀምጦ ይሰማል?

ሲያልቅ አንሙት ወርዶ ፊቷ ቆመ። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት በእጇ አስቆመችው።

«አባትህን በወጉ ሳላለቅስለት ነው የቀበርኩት» አለችው። «ሃያ ዓመት ሙሉ አንቆኝ ኖረ። ጨረስክልኝ፣ ልጄ።»

አንሙት እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ተመስገን እያልኩ፣ እፎይ እያልኩ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ነጠላዋን አውልቃ አራገፈችው፣ ጥለቱን ወደ ታች መልሳ ለበሰችና እርቦኛል፣ እህል ያለበት ውሰዱኝ አለችን።