ጾም የማያውቀው እንግዳዬ

ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ ስንት ጊዜ ያደፈጥሁለትን ሸለምጥማጥ በስልኬ አነሳሁት። ፎቶው ጥርት ብሏል፦ ነጠብጣቡ፣ ረጅም ጭራው፣ በአፉ ያንጠለጠላት የእናቴ ቀይ ዶሮም ጭምር።

ዶሮዋ ለፋሲካ የተቀለበች ነበረች።

ቢቸና አጠገብ ያለችው ማሳችን ጥግ ላይ ያለው ቁጥቋጦ እንዳይመነጠር የለመንሁት እኔ ነኝ። "እማ፣ አራዊትም መጠጊያ ይፈልጋሉ፤ አይጥ ይበሉልናል" ብዬ አስተማርኋት። ውሃ እንኳ በገበቴ አስቀምጬለታለሁ። ከመስተንግዶው የጎደለው ሥጋ ብቻ ነበር፤ እሱንም ራሱ ሞላው።

ፎቶውን ሳሳያት እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው።

"ይኼ እንግዳህ ሁዳዴን አይጾምም?"

"አውሬ እኮ ነው፣ እማ።"

"አይጥ ይበላል ያልኸኝ እሱን ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አይጦቹ አልተነኩም። ለፋሲካ እነሱን ብልት ታወጣልኛለህ።"

የተፈጥሮ ጥበቃ ትምህርቴ እዚህ ላይ ተፈጸመ።

እናንተስ በገዛ እጃችሁ ያስጠጋችሁት አውሬ ምን በላባችሁ? ከሸለምጥማጥ ጋር በሰላም የኖረ ካለ ግን አሁኑኑ ይጻፍልኝ፤ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ገጀራዋን ስላ ወደ ቁጥቋጦው እየሄደች ነው።