ለሲስተር ብቻ የሚያመው እግር

ቁስሉን የምታጥብለት ሲስተር በምትመጣበት ቀን ባለቤቴ ጢሙን ይላጫል። ለእኔ ብሎ የተላጨው የሠርጋችን ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለጥምቀትና ለፋሲካ ብቻ። ቁስሉ ያለው እግሩ ላይ ነው፣ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ። ታዲያ ፊቱን ምን አገባው?

ሸማኔ ነው። ቀጨኔ ባለችው ቤታችን፣ ከሽመና ዕቃው ሥር ወዳለው ጉድጓድ እግሩን ሰዶ መርገጫውን ሲረግጥ ይውላል። ተንጠልጥሎ የሚውል እግር ያብጣል፤ ያበጠ እግር ላይ የወጣ ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም። ወራት ሙሉ ደብቆኝ ነበር። ያወቅሁት ካልሲውን ሳጥብ ነው፤ እዥ ደርቆበት ድርቅ ብሏል። "ምንድነው ይሄ?" ብዬ ስጠይቀው "ምንም" አለኝ።

እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ ነርሷ ቤታችን እየመጣች ታጥብለት ጀመር። ወጣት ናት፤ ቆንጆም ናት፣ አልዋሽም። እሷ ስትነካው ያ ዝምተኛ ሰው አፍ አወጣ። "እዚህ ጋ ይወጋኛል ሲስተር፣ እዚህ ጋ ያቃጥለኛል።" እሷም "አይዞዎት ጋሼ" ትለዋለች። እኔ ሳፋ ይዤ ቆሜ አንጀቴ እርር ይላል። ለእኔ በትዳራችን ዘመን አንድ ቀን "አመመኝ" ብሎኝ አያውቅም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

ስለዚህ ሥራዋን ልቀማት ቆረጥኩ። ዓይኔን ከእጇ አልነቀልኩም። ቁስሉ ላይ የሚያርፈው ጎዝ ከቁስሉ ጠርዝ አለፍ ማለት እንዳለበት፣ ከላይ ከረጠበ መቀየር እንዳለበት፣ እዡ ደህናውን ቆዳ ካገኘው ቆዳው ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ጣት ነጭ ሆኖ እንደሚላላ ነገረችኝ። "ቁስሉ ጨርሶ አይድረቅ፣ ግን በእዥም አይዋኝ" አለችኝ። ለአንድ ሳምንት እንደማትመጣ ስትነግረን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ያን ሳምንት እኔ ጠቀለልኩት። ፋሻው እንዳይንሸራተት፣ እዡም እንዳያልፍ ብዬ ጥብቅ አድርጌ። "እንዴት ነው?" ስለው "እጅሽ ይባረክ፣ ደህና ነው" ይላል። ጎረቤት እየጠራሁ አሳየሁ። በቃ፣ ባሌን አስመለስኩ አልኩ።

ሲስተር ተመልሳ ስትፈታው ፋሻው ያረፈበት ቆዳ ሰርጉዷል፣ ጣቶቹ አብጠዋል። እዡም መሄጃ አጥቶ የቁስሉን ዙሪያ ነጭ አድርጎታል።

"ጋሼ፣ ይሄ አላመመዎትም?"

"ኧረ አመመኝ እንጂ! እንቅልፍም አልነበረኝም።"

"ታዲያ ለእትዬ ለምን አልነገሯቸውም?"

አንገቱን ደፋ። "ደስ ብሏት ነበር የምትጠቀልለው። እንዳይከፋት ብዬ ነው።"

ከፋኝ። ለእሷ ሕመሙን፣ ለእኔ ይሉኝታውን! እኔ ይሉኝታ መቼ ጠየቅሁት? ሌላ ሴት ፊት እስኪናገረው ድረስ ጥርሱን ነክሶ አብሮኝ ተኝቷል። ያን ጊዜ የቀናሁትን ያህል በሕይወቴ ቀንቼ አላውቅም።

ሲስተር ቁስሉን አጥባ፣ አዲሱን ጎዝ አስተካክላ አስቀመጠች። ፋሻውን ስታነሳ ከእጇ ተቀበልኳት። ከጣቶቹ ሥር ጀምሬ ወደ ላይ ጠቀለልኩ።

"ጠበቀ?" አልኩት።

ሲስተርን አያት።

"እኔን እየኝ። ጠበቀ ወይ?"

"ትንሽ።"

"ትንሽ ነው ብዙ?"

"ብዙ። ያማል" አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

"እሰይ!" አልኩና ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ።