እጀታ ለእጅ ነው

አጎቴ በሞላሌ ከተማ ገበያ ዳር ለሰንጢ እጀታ ይሠሩ ነበር። ወይራም ሆነ የበሬ ቀንድ የሚመርጡት የደንበኛውን መዳፍ ዳብሰው ነበር፤ ለሚያልበው እጅ ወይራ፣ ለደረቁ ደግሞ ቀንድ። ሰዉ ግን ብረትም ስለሚቀጠቅጡ «ቡዳ» እያለ ያማቸው ነበር።

አንድ ቀን፣ በስብሰባ «ባለሙያ ይከበር» የሚለው የቀበሌያችን ሊቀመንበር እጀታ የሌለው ስለት ከሩቅ ወረወረላቸው።

«እጅህን አምጣ» አሉት።

«እንዳትነካኝ! ዝም ብለህ ሥራ።»

«እጀታ የሚመረጠው ለእጅ ነው» ብለው ስለቱን እንዳለ መለሱለት።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ያው ሰው ለቅሶ መጥቶ፣ ማንም ሊቀመጥበት ባልደፈረው የአጎቴ ባዶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ደግ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር» አለኝ።

የሌላውን ሁሉ «አሜን» ብዬ ተቀብያለሁ። እሱን ግን «ከበርጩማው ይነሱ» አልኩት፤ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ።