የልጄ መናጫና አበልጄ

ልጄ ወተት የሚንጥ ማሽን ልሥራልሽ ሲለኝ መጀመሪያ የፈራሁት ለምንጥበት ቅል ነበር። ቅል አንዴ ከተሰነጠቀ ተሰነጠቀ ነው።

ትከሻዬን ስለሚያመኝ ነው ያሰበው። ከጋራዥ የተጣለ የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር አገኘ፤ የሞተር ሳይክል ባትሪ ከአጎቱ ተዋሰ። በገመድ የተንጠለጠለው ቅል ወዲያና ወዲህ እንዲል ሞተሩን የሚያዘው ግን ድራይቨር የሚሉት፣ ከመዳፍ የሚያንስ ቦርድ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ እሱ ግን እስኪገባኝ ያስረዳኛል። ጎረቤቴ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ፣ ወተት የሚንጥ ወንድ ሚስት ምን ያደርግለታል እያለች ትስቅበት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ቦርዱ ይግል ነበር። ጥቂት ያስኬደውና ይቆማል፤ ጣቴን ሳስጠጋ ይፋጃል። ልጄ ሲያስብበት ሰነበተና፣ ሞተሩ በሩጫ ላይ ሳለ ድንገት ወደ ኋላ ሲመለስ ጫናው ቦርዱ ላይ እንደሚወድቅ ደረሰበት። ስለዚህ ቀስ ብሎ እንዲነሣ፣ ከመመለሱ በፊትም ትንሽ እንዲያርፍ አደረገው። ቀጫጭኑን ሽቦ በወፍራም ለወጠ፤ ሙቀት የሚበትን የአሉሚኒየም ቁራጭ ለጠፈበት። ከዚያ ወዲህ ቅቤው እስኪወጣ ሳይቆም ይሠራ ጀመር። ቦርዱም ለብ ከማለት አላለፈም። በትምህርት ቤቱ የፈጠራ ሥራ ትርኢት ሊያቀርበው ተመዘገበ።

የክርስትና አባቱ ደብረ ማርቆስ ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናሉ። መፍቻ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ቤት መጥተው መናጫውን አዩና፣ በሰው ፊት እንዳያሳፍረው ልፈትሽለት ብለው ሊወስዱት ጠየቁ። ከመውጣቱ በፊት የቦርዱን ጠርዝ በቀይ ጥፍር ቀለም ነካ አደረግሁት። ለድግስ ሳህን ስናውስ እንዲሁ ነው የምናደርገው፤ ዕቃ ከዕቃ እንዳይቀላቀል ነው እንጂ ሰው ጠርጥረን አይደለም።

መናጫው ተመልሶ ሲሞከር ብዙም ሳይቆይ ጨሰ። አበልጄ የቦርዱ አቅም ይኸው ነው፣ ልጁም ሳያውቅበት አስጨንቆታል አሉ። ልጄ ከትርኢቱ ስሙን አሰርዞ ሽቦውን ይፈታ ጀመር። የተቃጠለውን ቦርድ አንሥቼ ሳገላብጠው ቀለም የለውም። መልኩ ያው ነው፤ አሉሚኒየሙም ተለጥፎበታል። ደጅ ብርሃን ላይ አወጣሁት። የለም።

ሱቃቸው ሄድሁ። ጠረጴዛው ላይ ለአንድ የደምበጫ ሰው የሠሩት፣ እንቁላሉን በሞተር የሚያገላብጥ መፈልፈያ ሣጥን ክዳኑ እንደተከፈተ ነበር። ቀዩ ቀለም ከውስጥ ታየኝ።

«አበልጄ፣ ይህ የልጄ አይደለም?»

«ቦርድ ሁሉ አንድ ነው እኮ አበልጄ። ሰውየው አስቸኮለኝና በአሮጌ ለወጥሁት። ለልጁ ሌላ አስመጣለት ነበር።»

«አላወቀበትም ያሉኝስ?»

መበየጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ጀመር። ንቀሉልኝ ብላቸውም ሰውየው ሊወስደው እየመጣ ነው አሉኝ።

ባዶ እጄን ወደ ቤት ተመለስሁ። በአርባ ቀኑ ታቅፈው ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። ብነግረው አባት አሳጣዋለሁ። ባልነግረው ደግሞ እጄ አይረባም ብሎ ይኖራል። በር ላይ ቆሜ ብዙ ካመነታሁ በኋላ ገብቼ ነገርሁት።

የያዘውን ሽቦ መሬት ላይ አኖረ።

«እኔ ባቃጥለው ይሻለኝ ነበር» አለ።

ትርኢቱ ያለ እሱ አለፈ። በትንሣኤ አበልጄ እንደ ልማዳቸው ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ልጄ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው፤ ጉልበታቸውን ግን አልሳመም። እሳቸው ስለ በልግ ዝናብ፣ ስለ ላሟ እየጠየቁኝ ሳለ ልጄ ቀስ ብሎ ጣልቃ ገባ።

«እንቁላሉን የሚያገላብጠው ሞተር፣ ከመመለሱ በፊት ያርፋል?»

አበልጄ እኔን አዩና ዐይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

«ያርፋል» አሉ። «እንዳንተው ነው ያደረግሁት።»

«ቦርዱስ ይግላል?»

«አይግልም።»

ልጄ ራሱን ነቀነቀና ወጣ። በማግስቱ ክፍሉ ውስጥ የፈታውን የመናጫውን ሽቦ መልሶ ሲገጣጥም ሰማሁት። ልገባ ብል በሩን ከውስጥ ቆልፎታል።