የምሥራቁ ግድግዳ ሸረሪት

እህል በረንዳ ውስጥ ተሸካሚ ኩንታል ጀርባው ላይ ካወጣ አይቆምም፤ ሰው ነው ዞር የሚልለት። ኑሪ ግን ማክሰኞ ጠዋት ባቄላውን እንደተሸከመ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ።

«ጋሼ ጓንጉል! ቶሎ ይምጡ፣ ዘመድዎ እግሬ ሥር ናት!»

ጆንያ ሰፊው ጓንጉል መርፌውን ጥሎ ተንበረከከ። ሸረሪቷን ብልቃጥ ውስጥ እስኪያስገባ ኑሪ ላቡ እየተንጠባጠበ ጠበቀው። ከኋላ ሲጮሁበት፣ «ነፍስ አላት እኮ!» አላቸው።

ጓንጉል በሰዓት ሠሪ መነጽር አያት። ስምንት ዓይን በሁለት ረድፍ፣ ሆዷ ላይ ነጭ ሰረዝ። ራሷ ናት። ግን ዛሬም ሴት።

ሠላሳ ዓመት ጆንያ ሲሰፋ ከጆንያው የሚወጡትን ሸረሪቶች ሲለይ ኖሯል። ትምህርቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ከአንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ ተማረ። የዚህች ሸረሪት ወገን ትንሽ ነው፤ መጽሐፉ አራት ዓይነት ብቻ ይቆጥራል። የእሱ ከአራቱም ጋር አልገጥም አለች። አምስተኛ ትሆን? «ፈጣሪ ያውቃታል፤ ስሟን ያጣሁት እኔ ነኝ» ይላል።

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ «ወንዱን አምጣ፤ ዓይነቱ አፉ አጠገብ ባሉት አጫጭር እጆቹ ጫፍ ይለያል። የተያዘበትም ቦታ ይጻፍ» ብሎታል።

ወንዱንማ ከሽንብራው መጋዘን የምሥራቅ ግድግዳ ይዞት ነበር። ቦታውን በቢክ ጽፎ ወረቀቱን ሸረሪቱ ከተነከረበት አልኮል ጋር ብልቃጡ ውስጥ ከተተው። አልኮሉ ቀለሙን በላው። ስድስት ብልቃጥ፣ ስድስት ባዶ ወረቀት፤ ማን ከየት እንደመጣ የሚመሰክር ጽሑፍ ጠፋ፤ ወንዱን ከዚያው ግድግዳ እንደገና መያዝ አለበት።

መጋዘኑ ደግሞ ነገ ጠዋት ይፈርሳል። ቆርቆሮው ተነቅሏል። ጓንጉል ከትናንት ጀምሮ አልተቀመጠም፤ ሁለት ጊዜ ይወጋል፣ ተነሥቶ ግድግዳውን ያያል፣ ይመለሳል፣ መርፌውን ያጣዋል።

«ጋሼ፣ አማኑኤል ሆስፒታል በእግር ነው፤ ላድርስዎት?» አለችው ምስር ቸርቻሪዋ ዱንያ።

«አልጋ ካለ ለሁለታችን ያዢ!»

ሳቀ፤ ግን ወዲያው ተነሣ። ይህን የሚጽፈው ጎረቤቱ ተክለ ሃይማኖትን ተሳልሞ ሲመለስ ጓንጉል ክንዱን ያዘው።

«ወንድሜ፣ እኔ ብለምነው የአፍራሾቹ አለቃ ይስቅብኛል። አንተን ይሰማሃል። የምሥራቁን ግድግዳ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት እንዲያቆይልኝ ንገርልኝ። ለሸረሪት መሆኑንም አትደብቀው።»